«እኛ ጋ ማዕድን የለም»፦ ከጣና ዳር ስለ ድንጋይ፣ ኖራ እና አሸዋ

ባሕር ዳር ላይ የማዕድን ወሬ ሲነሳ ሰው ሁሉ ራቅ አድርጎ ያያል። ወርቅ ከተባለ ቤንሻንጉል፣ ኦፓል ከተባለ ደላንታ፣ ጨው ከተባለ አፋር። የሰፈራችን ሽማግሌ፣ አያ ብዬ የምጠራቸው፣ ባለፈው ሬዲዮ ስለ ማዕድን ሲያወራ ሰምተው «ለእነሱ ሰጣቸው፤ ለእኛ ሐይቅ እንጂ ማዕድን አልሰጠንም» አሉኝ። ይህን ሲሉ የተቀመጡት በጥቁር ድንጋይ የታነጸ ግንብ ጥግ ላይ ነው። ከእግራቸው ሥር ኮብልስቶን ተነጥፏል። ከኋላቸው ያለው ግድግዳ በብሎኬት ተሠርቶ በስሚንቶ ተለስኗል፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። «አያ፣ የተቀመጡበትስ ምንድን ነው?» አልኳቸው። በእጃቸው ቸብ ቸብ አድርገውት «ይሄማ ድንጋይ ነው» አሉ።

ለሕጉ ግን ድንጋይ ማዕድን ነው። የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ማዕድናትን ሲከፋፍል ከከበሩት፣ ከብረት ነክና ከኢንዱስትሪ ማዕድናት ጎን «የግንባታ ማዕድናት» የሚል ምድብ አለው፤ ባዝልት፣ አሸዋና ጠጠር እዚያ ውስጥ ናቸው። እንዲህ ካየነው ባሕር ዳር በማዕድን የተሠራች፣ በየቀኑም ማዕድን የምትበላ ከተማ ናት። ግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ምን ያህል አሸዋና ጠጠር እንደዋጠ አስቡት። አንድ ሜትር ኩብ አርማታ 24 ኩንታል ገደማ ይመዝናል። ከዚህ ውስጥ ስሚንቶው ከ3 እስከ 4 ኩንታል ቢሆን ነው፤ ውሃው ሲቀነስ የቀረው 18 ወይም 19 ኩንታል አሸዋና ጠጠር ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም እንደሚገምተው ዓለም በዓመት ወደ 50 ቢሊዮን ቶን አሸዋና ጠጠር ይጠቀማል። የሰው ልጅ ከውሃ ቀጥሎ ከምድር በብዛት የሚወስደው ይህንን ነው።

ስለዚህ «ማዕድን ለዘላቂ ልማት ምን ያደርጋል?» የሚለው ጥያቄ የወርቅ አገር ጥያቄ ብቻ አይደለም። ጣና ዳር ላለን ሰዎች ምናልባት ይብስብናል፤ ማዕድን እንዳለን ስለማናውቅ ሒሳቡንም አንይዝም።

ሐይቁን የሠራው ድንጋይ

ጥቁሩ ድንጋይ ባዝልት ይባላል፤ እሳተ ገሞራ የተፋው ቅልጥ አለት በርዶ ሲጠጥር ነው። የሰሜን ምዕራቡ ደጋ መሠረት በአብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ስንጥቅ እየወጣ በንብርብር የተነጠፈ ባዝልት ነው። ከዚያ ብዙ ቆይቶ፣ በመሬት ዕድሜ ሲለካ ግን ትናንት በሚባል ጊዜ፣ አሁን ባሕር ዳር ባለችበት በኩል ሌላ ቅልጥ አለት ፈስሶ የውሃውን መውጫ ዘጋ። ከጉና፣ ከጎንደር ደጋና ከሰከላ በኩል የሚወርደው ውሃ ተጠራቅሞ ጣና ሆነ። ሐይቁ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ተንጣልሎ ጥልቀቱ 15 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ እንደ ምጣድ ሰፊና ጠፍጣፋ ነው። ጢስ ዓባይ ላይ ውሃው የሚወረወረውም ከዚሁ አለት ጫፍ ነው፤ 40 ሜትር ገደማ ቁልቁል።

ለቤታችን መሠረት የምንፈልጠው ድንጋይና ሐይቁን ይዞ ያቆመው ድንጋይ አንድ ዘር ናቸው። ይኸው አለት ለጣና ዓሳም የሠራው ነገር አለ፤ እሱን መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ፤ የዚህ ጽሑፍ ዋናው ጭንቀቴም እሱ ነው።

በሬውን ሸጦ ምን ተገዛ?

«ዘላቂ ልማት» የሚለው ሐረግ በየስብሰባው ስለሚደጋገም ትርጉሙ ሳስቷል። በ1987 እ.ኤ.አ. በግሮ ሃርለም ብሩንትላንድ የተመራው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚሽን የሰጠው ትርጉም ቀላል ነው፦ የዛሬው ትውልድ የሚያስፈልገውን ሲያሟላ ነገ የሚመጣው ትውልድ የራሱን እንዳያሟላ መንገድ አይዝጋበት።

ይህ ለጤፍ ይሠራል። ማሳው ከተያዘ ጤፍ በዓመቱ ይመለሳል። ለደንም ይሠራል፤ የተቆረጠው ይተከላል። ድንጋይ ግን አይበቅልም። ዛሬ የተፈለጠ ተራራ ነገ የለም። ታዲያ የሚያልቅ ነገር እያወጡ «ዘላቂ» ማለት ራሱን አይቃረንም?

መልሱን የጎጃም ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል። በሬውን የሸጠ ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሸጦ ድግስ ይደግሳል፤ ሌላው ሸጦ ጊደር ይገዛል። ሁለቱም ቤት በሬው የለም። በሚቀጥለው ዓመት ግን አንዱ ቤት ወተት አለ። የምጣኔ ሀብት ምሁራንም ይህንኑ በሒሳብ ቋንቋ ብለውታል፤ ጆን ሃርትዊክ የሚባል ምሁር በ1977 እ.ኤ.አ. የሚያልቅ ሀብት ትርፉ በሙሉ የሚቆይ ነገር ላይ ከዋለ ትውልድ ሳይጎዳ መኖር እንደሚቻል አሳየ። የሚቆይ ነገር ማለት መንገድ፣ ትምህርት ቤት፣ የሰው ሙያ፣ የለማ መሬት ነው።

ቦትስዋና በ1966 እ.ኤ.አ. ነጻ ስትወጣ በዓለም ላይ ካሉ ደሃ አገሮች አንዷ ነበረች። በዓመቱ ኦራፓ ላይ አልማዝ ተገኘ። ገንዘቡን መንገድ፣ ጤና ጣቢያና ትምህርት ቤት ላይ አዋለችው፤ በአህጉሩ የተሻለ ኑሮ ካላቸው አገሮች ተርታ ገባች። አሁን ግን በቤተ ሙከራ የሚሠራ አልማዝ ገበያውን ሲያቀዘቅዘው ተቸግራለች፤ ጊደሯን ብትገዛም በረቱ ውስጥ ያለችው ላም አንዲት ብቻ ናት። በሌላው ጫፍ የዛምቢያዋ ካብዌ አለች። የእርሳስ ማዕድን ማውጫዋ በ1994 እ.ኤ.አ. ተዘጋ፤ አፈሩ ውስጥ የቀረው እርሳስ ግን እስከ ዛሬ የልጆችን ደም ይመርዛል። እዚያ ወተት የለም፤ ዕዳ ብቻ ቀረ።

ወደ እኛ ስንመለስ፣ በ2017 በጀት ዓመት ከሸቀጦች ወጪ ንግድ ትልቁን ገቢ ያስገባው ወርቅ ነው፤ ቡናን በልጧል። ደስ የሚል ዜና ነው። የእኔ ጥያቄ ግን በሬው ስንት ተሸጠ የሚለው ላይ አይቆምም፤ ምን ተገዛበት? ይህ ጥያቄ ለአገር ወርቅ እንደሚቀርበው ሁሉ ለአንድ ቀበሌ ድንጋይም መቅረብ አለበት።

ካባው እና ጉድጓዱ

ከባሕር ዳር በየትኛውም አቅጣጫ ወጣ ሲሉ የድንጋይ ካባ አይጠፋም። አንዳንዱ ኤክስካቫተርና ክሬሸር ያለው ትልቅ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ መዶሻ የያዙ ልጆች በማኅበር ተደራጅተው የሚሠሩበት ነው። ኮብልስቶን የሚሉት ሥራ ብዙ እጅ ይፈልጋል። ፈላጩ ትልቁን ይሰነጥቃል፣ ጠራቢው 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ኩብ ያደርገዋል፣ ጫኙ ይጭናል፣ አንጣፊው አሸዋ ደልድሎ ይደረድረዋል። ለአስፋልት ሬንጁን በውጭ ምንዛሪ እንገዛለን፤ ለኮብልስቶን ድንጋዩም ላቡም የእኛው ነው። የውሃ ቧንቧ ሲሰበር ይነሳል፣ ተመልሶም ይነጠፋል። ከዓመት በኋላም ያው ድንጋይ ነው። ከማዕድን ሥራ ሁሉ ለ«ዘላቂ» ቃል የሚቀርብ አንድ ምረጥ ብባል ይህንን እመርጣለሁ፤ ቧንቧ ከተጠገነ በኋላ ድንጋዩ ክምር ሆኖ መንገድ ዳር ሲከርም ማየት የሚያናድደኝም ለዚሁ ነው።

ይሁንና ያ ሥራ ሳንባና ዓይን ይጠይቃል። ባዝልት እንደ አሸዋ ድንጋይ ብዙ ኳርትዝ የለውም፤ አቧራው ግን ቀኑን ሙሉ ሲማግ ሳንባ ይጎዳል፤ ከመዶሻው ሥር የሚፈናጠር ስንጣሪ ዓይን ያጠፋል። መከላከያው ውድ አይደለም፦ መነጽር፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ፣ ክሬሸሩ አፍ ላይ ውሃ መርጨት። የማኅበሩ ልጆች መነጽር ሳይኖራቸው የተሸጠ ድንጋይ ርካሽ የሚመስለን ቀሪውን ዋጋ እነሱ በዓይናቸው ስለሚከፍሉት ነው።

ከዚያ ጉድጓዱ አለ። ባደግኩበት አካባቢ ድንጋይ ወጥቶለት የተተወ ጉድጓድ ነበር። ክረምት ውሃ ይሞላል። እኛ ልጆቹ ዋና እንማርበት ነበር፤ እናቶቻችን ደግሞ ውሃ ቀድተው እስኪመለሱ ልባቸው አያርፍም። መስከረም ላይ ውሃው ሲያረጅ ትንኝ ይፈላበታል፤ ባሕር ዳር ላይ ወባ ምን እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ማን ቆፍሮ እንደተወው የሚያስታውስ አልነበረም። ድንጋዩ የትኛው ሕንፃ ላይ እንዳለም አላውቅም።

ጉድጓድ የማይቀር ነው፤ ክፉ መሆኑ ግን የግድ አይደለም። ሥራው የሚጀምረው የመጀመሪያው መዶሻ ከማረፉ በፊት ነው። የላይኛው ጥቁር አፈር ተገፎ ለብቻው ይከመራል፤ ተራራው ካለቀ በኋላ ተመልሶ የሚለብሰው እሱ ነው። አፈሩ ከድንጋይ ፍርካሽ ጋር ተደባልቆ ከተደፋ ለዘላለሙ ጠፋ። ግድግዳው ቀጥ ብሎ እንዳይቀር በደረጃ ይቆረጣል። ከዚያ እንደ ቦታው ዛፍ ይተከልበታል፣ ለከብት ማጠጫ ኩሬ ይሆናል፣ ወይም ዓሳ ይረባበታል። ይህ ሁሉ ገንዘብ ስለሚጠይቅ ገንዘቡ ድንጋዩ እየተሸጠ እያለ መቀመጥ አለበት፤ ካባው ከተዘጋ በኋላ የሚጠየቅ ሰው አይገኝም። አዋጁም ባለፈቃዱ አካባቢውን መልሶ የማልማት ግዴታ እንዳለበት ይናገራል።

ወረቀቱ ላይ ያለው

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 የመሬትና የተፈጥሮ ሀብት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ ነው ይላል። ስለዚህ ካባ የሚከፍት ሰው የሚያገኘው ፈቃድ እንጂ ባለቤትነት አይደለም። የባህላዊ ማዕድን ሥራና አገር ውስጥ ባለሀብት የሚሠራው አነስተኛ የግንባታ ማዕድን ፈቃድ የሚሰጠው በክልሉ ነው፤ ይህ ማለት ውሳኔው እዚሁ፣ እግር በሚደርስበት ርቀት አለ። ለግንባታ ማዕድን አዋጁ ያስቀመጠው የሮያሊቲ ክፍያ ከሽያጭ ዋጋው 3 በመቶ ነው። ሮያሊቲ ግብር አይደለም፤ ሕዝብ ባለቤት ስለሆነ የሚከፈለው የንብረቱ ዋጋ ነው። ባለፈቃዱ ለአካባቢው ኅብረተሰብ ልማት ገንዘብ መመደብ እንዳለበትም ተጽፏል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ደግሞ ጉዳት ሊያደርስ የሚችል ሥራ ከመጀመሩ በፊት ጉዳቱ እንዲጠና፣ ሕዝብም ሐሳቡን እንዲሰጥ ያዛል።

ቀበሌ ስብሰባ ላይ «አዲስ ካባ ሊከፈት ነው» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚነሳው ጥያቄ «ልጆቻችን ሥራ ያገኛሉ?» የሚለው ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። ሦስት ጥያቄ ብንጨምርበት ግን ስብሰባው ሌላ ስብሰባ ይሆናል፦ ጉድጓዱ ካለቀ በኋላ ምን ይሆናል፣ ለዚያ የሚሆነው ገንዘብ የት ተቀመጠ፣ ባለፈው ዓመት የተከፈለው ሮያሊቲ ምን ሠራ። መጠየቅ ጠብ ፈላጊነት አይደለም፤ ባለቤት ስለ ንብረቱ ይጠይቃል።

የሚበላ ድንጋይ

ስለ ኖራ ሳልናገር ባልፍ ጎጃም ይታዘበኛል። በምዕራብ ጎጃምና በአዊ ደጋ ዝናቡ ብዙ ነው፤ ዘመን ያስቆጠረው ዝናብ ካልሲየምና ማግኒዚየሙን ከአፈሩ አጥቦ ወስዶታል። የቀረው አፈር አሲዳማ ነው። አሲዳማ አፈር ውስጥ አሉሚኒየም ሟሙቶ ሥር ያቃጥላል፤ ፎስፈረስ ደግሞ ከአፈሩ ጋር ተጣብቆ ተክሉ አያገኘውም። ገበሬው ማዳበሪያውን በውድ ገዝቶ ይበትናል፤ ገብሱ ግን ቢጫ ሆኖ ይቀራል። ማዳበሪያው ውሸት አልነበረም፤ አፈሩ ቆልፎት ነው። በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት 40 በመቶ ያህሉ በዚህ ችግር ውስጥ እንዳለ ይገመታል።

መድኃኒቱ ድንጋይ ነው። የኖራ ድንጋይ ተፈጭቶ እንደ ዱቄት ልሞ ማሳው ላይ ይበተንና ይታረሳል፤ አሲዱን ያበርዳል፣ የተቆለፈውን ፎስፈረስ ይፈታል። ጣና ዳር ባዝልት ብቻ ስለሆነ የኖራ ድንጋይ የለንም። ያለው ደጀን አጠገብ በዓባይ በረሃ ግድግዳ ላይ ነው። ደስ የሚለኝ ነገር፣ ያንን ግድግዳ ቆርጦ ድንጋዩን ለሰው ዓይን ያወጣው ከጣና የሚወጣው ዓባይ ራሱ ነው። ችግሩ ክብደቱ ነው። ማዳበሪያ ለሄክታር በጥቂት ኩንታል ይበቃል፤ ኖራ ግን 20 እና 30 ኩንታል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይጠይቃል። የመኪናው ኪራይ ከድንጋዩ ይወደዳል። በዚህ የተነሳ በአዊ ብዙ ገበሬ ማሳው ላይ ደከሬንስ የሚባል የግራር ዛፍ ተክሏል፤ ዛፉን ከሰል አድርጎ ይሸጣል፣ አፈሩም ያገግምለታል። ብልህነት ነው። ኖራው ግን ቢደርስ ያው ማሳ ዘንድሮ ስንዴ ይሰጥ ነበር።

ያው የኖራ ድንጋይ የስሚንቶ ጥሬ ዕቃም ነው። 1,450 ዲግሪ በሚደርስ እሳት ሲጠበስ ድንጋዩ ውስጥ የተቆለፈው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ በዓለም ላይ ሰው ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 7 ወይም 8 በመቶው ከስሚንቶ የሚመጣው በዋናነት ለዚህ ነው። ግንበኛ «ፒፒሲ» ብሎ የሚገዛው ስሚንቶ ከፊሉ በእሳተ ገሞራ ፍርካሽ ስለሚተካ ጭሱ «ኦፒሲ» ከሚባለው ከተራው ስሚንቶ ያነሰ ነው፤ ለልስንና ለግንብ እሱ በቂ ሆኖ ሳለ ኦፒሲ ካልሆነ ብሎ መከራከር ገንዘብም አየርም ማባከን ነው። የእኔ ሚዛን ግን ወደ አንድ ነገር ያደላል፦ ለፋብሪካ ከሚሄደው የኖራ ድንጋይ ጥቂቱ እየተፈጨ በትራንስፖርት ድጎማ ወደ አሲዳማው ደጋ ቢሄድ፣ ከአንድ ካባ ፎቅም እንጀራም ይወጣል። ማዕድንና የምግብ ዋስትና ሲጋጩ ብቻ አይደለም የሚገናኙት።

ስለ ብረቶቹ አጠር ላድርግ። ጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ካገደ ወዲህ በዘንባባው ጎዳናችንም በኤሌክትሪክ የሚሄደው መኪና ብዙ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ጭስ የለውም፤ ከነዳጁ መኪና ግን ከሁለት እጥፍ በላይ መዳብ አለው፣ ባትሪው ደግሞ ሊቲየም፣ አንዳንዱም ኮባልት ይፈልጋል። የዓለም ኮባልት ከ70 በመቶ በላይ ከዲሞክራቲክ ኮንጎ ነው የሚወጣው። ከጣና ውሃ ወስዶ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የበለስ ጣቢያም ቢሆን ጄኔሬተሩ የተጠመጠመው በመዳብ ነው። ንጹሕ ኃይል ያለ ማዕድን የለም፤ ጉድጓዱ ሌላ ሰው ደጅ ስለሆነ ብቻ አይታየንም። ጉድጓዱን የሚያሳንሰው ሰው ግን በየሰፈራችን እየዞረ ይጮኻል፦ «ቆራሌው!» የሰበሰበው ቁርጥራጭ ብረት ተቀልጦ ፌሮ ይሆናል፣ ከአዲስ ብረት በጣም ባነሰ ጉልበት። ቆራሌው በከተማ መሐል የሚሠራ የማዕድን ባለሙያ ነው፤ እንዲያ ብለን ልናከብረው ይገባል።

አሸዋው እና ነጭ ዓሳው

አሁን ወደ ዓሳው ልመለስ።

ጢስ ዓባይን የሠራው አለት ከታች ያለው የዓባይ ዓሳ ወደ ላይ እንዳይወጣ ዘጋ። ጣና ውስጥ የቀረው ዓሳ ለብቻው ሆነ፤ ለብቻውም ተባዛ፣ ተለያየ። ዓሳ አስጋሪው «ነጭ ዓሳ» የሚለው ወገን ውስጥ ተመራማሪዎች 15 ገደማ ዝርያ ለይተዋል፤ አንዱ ሌላ ዓሳ ይበላል፣ አንዱ ነፍሳት ይለቅማል፣ አንዱ ከጭቃ ይፈልጋል፤ አብዛኞቹ ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም የሉም። ፊሊፒንስ ውስጥ ላናኦ የሚባል ሐይቅ ተመሳሳይ ሀብት ነበረው፤ ጠፍቷል። የቀረው የእኛው ነው።

ከእነዚህ ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ ሐይቁን ትተው ወንዝ ይወጣሉ። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ይሄዳሉ፤ ከጉማራ ወደ ዱካሊትና ክዝን ወደመሳሰሉ ገባሮችም ይዘልቃሉ። የሚፈልጉት ጠጠር ነው። እንቁላላቸው የሚያርፈው በጠጠር መካከል ነው፤ ንጹሕ ውሃ እየተመላለሰ አየር የሚያቀብለው እዚያ ብቻ ነው። ጭቃ ላይ ያረፈ እንቁላል ይታፈናል።

ያ ጠጠር ለእኛ ደግሞ አርማታ ነው። ሲኖትራኩ በጋ ወንዝ ውስጥ ገብቶ ቢያጆውን ሞልቶ ሲወጣ የሚጭነው አሸዋና ጠጠር የዓሳው አልጋ ነው። አሸዋው ከመጠን በላይ ሲነሳ ወንዙ ይጎደጉዳል፣ ዳርና ዳሩ ይናዳል፣ የፎገራ ገበሬ ሩዝ የሚዘራበት መሬት ወደ ውሃው ይወርዳል። የተናደው አፈር ሐይቅ ይገባል፤ ለእምቦጭም ምግብ ይሆናል።

«እንግዲያስ አሸዋ ማውጣት ይከልከል» ማለት ግን ስህተት ነው፤ ነገሩ ከዚህ የተወሳሰበ ነው። ርብና ጉማራ ከጉና ብዙ ደለል ይዘው ይወርዳሉ። ርብ ፎገራ ሜዳ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ይሞትና የያዘውን ይጥላል፤ የወንዙ ወለል ከፍ ይላል፣ ክረምት ከዳሩ አልፎ ሜዳውን ያጥለቀልቃል። እዚያ ላይ የተለካ አሸዋ ማንሳት ወንዙን ይረዳዋል እንጂ አይጎዳውም። በሌላ በኩል ከላይ የተሠራው የርብ ግድብ ደለሉን ስለሚያስቀር፣ ከሥሩ ወዳለው ወንዝ በየዓመቱ የሚመጣው አሸዋ ከድሮው ያነሰ ይሆናል። አባቶቻችን «ወንዙ ይመልሰዋል» ሲሉ እውነት ነበር፤ ግድብ ባለበት ወንዝ ላይ ግን ያ እውነት ተለውጧል። ስለዚህ አሸዋ የሚያልቅም የማያልቅም ማዕድን ነው፤ የሚወስነው ክረምቱ የሚያመጣውና በጋው የሚወስደው ልክ ነው። ይህን ልክ ለማወቅ የወንዙን ወለል በሰኔና በኅዳር መለካት ይበቃል። ለባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመመረቂያ ሥራ የሚሆን ነገር ነው።

ለዓሳው መቀነስ ዋናው ጥፋተኛ አሸዋ ጫኙ አይደለም፤ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ከገባው በሞተር ጀልባ የሚጣል መረብ ወዲህ በወንዝ አፍ ላይ እንቁላል የያዘ ዓሳ ተጠራርጎ ወጥቷል፤ በ1991 እና በ2001 እ.ኤ.አ. መካከል የነጭ ዓሳው ብዛት በሦስት አራተኛ ገደማ መቀነሱ ተመዝግቧል። የተረፈው ጥቂት ዓሳ ወንዝ ሲወጣ ጠጠሩን ካጣው ግን ከመረብ ማምለጡ ምን ጠቀመው?

አንዳንዶች መፍትሔው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት አሸዋ ማውጣትን መከልከል ነው ይላሉ። እኔ አይመስለኝም። በእነዚያ ወራት ወንዙ ሞልቶ መኪናም አይገባ። ጉዳቱ የሚደርሰው በየካቲትና በመጋቢት ነው፤ ዓሳው የሚያገኘው በሐምሌ ነው። ስለዚህ የሚከለለው ቦታው እንጂ ወሩ መሆን የለበትም። ከሜዳው በላይ ያሉት ጠጠራማ የወንዝ ክፍሎችና ገባሮቹ ዓመቱን ሙሉ ሳይነኩ ይቀመጡ፤ አሸዋ ጫኞቹ ማኅበራት በተለካ መጠን ሜዳው ላይ፣ ደለል በሚጥለው ክፍል ይሥሩ። የጎደለውን ክሬሸር ይሞላዋል፤ ባዝልት እስኪልም ተፈጭቶ ጥሩ አሸዋ ይሆናል፣ ዋጋው ከፍ ቢልም። የጣና አካባቢ በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ሲመዘገብ ዋና ቀጠና፣ በዙሪያው መከላከያ ቀጠና፣ ከዚያ የልማት ቀጠና ተብሎ ተከፍሏል፤ ይህ ክፍፍል ወንዞቹንም ይዞ ወደ ላይ ቢወጣ አዲስ ሐሳብ መፍጠር አያስፈልግም።

ጠጠራማዎቹ ክፍሎች የት የት እንደሆኑ ለማወቅም ሩቅ መሄድ አይጠይቅም። በጉማራና በርብ ዳር ያደጉ ዓሳ አስጋሪዎች ነጭ ዓሳው በክረምት ሌሊት የሚንጫጫበትን ቦታ በስም ያውቁታል። ከእነሱ ሁለቱን፣ ከአሸዋ ማኅበሩ ሁለቱን፣ ከወረዳው አንድ ባለሙያ ይዞ በግንቦት ወንዙን በእግር ተከትሎ መሄድ፣ ቦታዎቹንም በቀለም በተቀባ ድንጋይ ምልክት ማድረግ የአንድ ሳምንት ሥራ ነው፤ ድንጋዩ እንደሆነ እዚያው አለ።